የሰንጠረዥ ጨዋታና የሠራዊቱ አሰላለፍ

ሰንጠረዥ የሚለውን ቃል በሒሳብ ትምህርት ጊዜ አግኝታችሁታል። መስመር በቁም፣ መስመር በአግድም ይሰመርና በየቤቱ ቁጥር ሲገባበት የማባዛት ሰንጠረዥ ብለነዋል። ቃሉ ግን የጥንት ጨዋታ ስምም ነው። 8 ቤት በቁም፣ 8 ቤት በአግድም፣ በድምሩ 64 ቤት ያለው ጨርቅ ይዘረጋል። በጨርቁ ላይ ሁለት ትናንሽ ሠራዊት ይሰለፋሉ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያዋጓቸዋል። የጠላቱን ንጉሥ መውጫ ያሳጣ ሰው አሸነፈ ይባላል።

በዚህ ትምህርት ሠራዊቱ ከምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሰለፍና ጨዋታው እንዴት እንደሚጀመር እናነባለን። ሰንጠረዥ ከገበጣ ይከብዳል። ይሁን እንጂ ገበጣ ላይ ጠጠር ቆጥሮ የጎረቤቱን ሐሳብ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ይህንንም ለመልመድ ብዙ አይቸገርም።

ጨዋታው ከየት መጣ?

የጨዋታው መነሻ ህንድ አገር ነው። የጥንት ህንዶች ሠራዊታቸው አራት ክፍል ነበረው፤ እነሱም ዝሆን፣ ሠረገላ፣ ፈረሰኛና እግረኛ ናቸው። ስለዚህ ጨዋታውን ቻቱራንጋ አሉት፤ ትርጉሙ አራት ክፍል ያለው ማለት ነው። ፋርሶች ከህንዶች ተማሩት፤ ዐረቦች ከፋርሶች ወስደው ሻትራንጅ አሉት። በእኛ አገር አፍ ሰንጠረዥ ሆነ። አውሮፓውያንም ከዐረቦች ተምረው ብዙ ደንብ ለወጡበት፤ ዛሬ ቼዝ የሚባለው ያ የተለወጠው ነው። የእኛው ግን በአሮጌው ደንብ ቆየ፤ እንዲያውም የትም አገር የሌለ አንድ ነገር ጨመረበት። እሱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ዐፄ ልብነ ድንግል፣ ከ1500 እስከ 1532 ዓ.ም. የነገሡት፣ ከአንድ የቬኒስ አገር ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እንግዲህ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ ጨዋታው በአገራችን ቢያንስ መቶ ዓመት ኖሯል ማለት ነው። ከሰሜንና ከጎንደር መኳንንት የሚወለዱት እቴጌ ጣይቱ ብጡልም ሰንጠረዥ ይችሉ ነበር ይባላል።

በ1797 ዓ.ም. ገደማ ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ ወደ ትግራይ መጥቶ፣ አንጣሎ ላይ ራስ ወልደ ሥላሴ ከሹማምንቶቻቸው ጋር ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አየ። መጫወቻዎቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሻካራ ነበሩ። አንዱ የሌላውን ሲበላ ቀስ ብሎ አያነሣውም፤ በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረዋል። ጫጫታው ሌላ ነው። በዙሪያው የቆመው ሁሉ፣ አሽከሩና ባሪያው ሳይቀር፣ ይኸን አንሣ፣ ያን ግፋ ይላል፤ እጁን ሰዶ መጫወቻውን ለማንቀሳቀስም መብት ያለው ይመስላል። ሶልት በዚህ ተገርሞ ጽፏል። እኔን ግን የገረመኝ ሌላ ነው። አሽከሩ ጋን ተሸክሞ፣ በቅሎ ጭኖ፣ ማታ ከጌታው ኋላ ቆሞ፣ ጨዋታውን ከነደንቡ ያውቀው ነበር ማለት ነው። ሰንጠረዥ የመኳንንት ብቻ ነው የሚለው ወሬ እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው። ጨርቁ የጌታው ነበር፤ ዕውቀቱ ግን የሁሉም።

ዋልተር ፕላውደን የተባለ የእንግሊዝ ቆንስልም የጨዋታውን ደንብ ጽፎ ትቷል። ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ተወግቶ ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ ነው።

ፋሽስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር የሹማምንቱ ቤት ተበተነ። ሰንጠረዡም አብሮ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ የሚጫወተው ሰው እየጠፋ ሄደ። በ1963 ዓ.ም. የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት የጨዋታውን ታሪክና ደንብ ሰብስቦ አዲስ አበባ በሚታተም የጥናት መጽሔት ላይ አወጣ። ጽሑፉ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሌት ተቀን ሰንጠረዥ የሚጫወቱት ሰዎች የእኛው አባቶች ናቸው። ደንቡን የምናገኘው ግን ሶልትና ፕላውደን ጽፈውት ነው። በየግቢው ጸሐፊ ነበረ፤ ጸሐፊው ርስትና ግብር፣ ዘመቻና ሹመት ጻፈ፤ ጨዋታ ግን ምን ያረጋል ብሎ ተወው። አሽከሩ ደግሞ ቢፈልግም ፊደል አልነበረውም። የሚያውቀውን ይዞ መቃብር ወረደ። ዛሬ በዳባትም በወገራም በደንቢያም የሚጫወቱት ገበጣ ከመንደር መንደር ደንቡ ይለያያል። እሱን ማን ጽፎታል? አሁን እናንተ መጻፍ ትችላላችሁ።

የሠራዊቱ አባላት

እያንዳንዱ ተጫዋች 16 መጫወቻ አለው። ለሁለቱ 32 ይሆናል። ከ16ቱ 8ቱ እግረኞች፣ 8ቱ አለቆች ናቸው።

ንጉሥ አንድ ነው። ወደፈለገው አቅጣጫ ይሄዳል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ አንድ ቤት ብቻ። ንጉሥ አይሮጥም።

ፈርዝ የንጉሡ አማካሪ ነው፤ ቃሉ ከፋርስ የመጣ ነው። በሰያፍ፣ ማለትም ከቤቱ ማዕዘን በኩል ወጥቶ አንድ ቤት ይሄዳል። አውሮፓውያን ከ500 ዓመት ገደማ በፊት ይህን አማካሪ ንግሥት አደረጉትና ጉልበት ሰጡት፤ በሰያፍም በቀጥታም እስከፈለገ ይሮጣል። የእኛው ፈርዝ ግን ሽማግሌ ሆኖ ቀረ። ምክር እንጂ ጉልበት የለውም።

ፊል ሁለት ነው። ፊል ማለት ዝሆን ነው። በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል፤ መሃል ያለው ቤት ላይ ወዳጅም ይኑር ጠላት፣ ከላዩ ያልፋል። ሶልትም ይህን ዝላይ አይቶ ጽፎታል። ፊል ያስፈራል እንጂ ደካማ ነው። ለምን ቢባል፣ ዕድሜውን ሁሉ ቢዘል ከ64ቱ ቤት 8ቱን ብቻ ነው የሚረግጠው። በጠጠር ሞክሩትና እዩ። የሁለቱ ወገን አራት ዝሆኖች የሚረግጡት ቤት የተለያየ ስለሆነ፣ ዝሆን ዝሆንን በፍጹም አይበላም።

ፈረስ ሁለት ነው። ሁለት ቤት ቀጥ ብሎ ይሄድና አንድ ቤት ወደ ጎን ይታጠፋል። እሱም ይዘላል። አጥር አያግደውም። መሃል ሜዳ ላይ የቆመ ፈረስ 8 ቤት ያስፈራራል፤ ጥግ የቆመ ግን 2 ብቻ። ስለዚህ ፈረስን ጥግ አታቁሙት።

ደር ሁለት ነው። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደቀኝ፣ ወደግራ፣ መንገዱ እስካልተዘጋ ድረስ የፈለገውን ያህል ይሄዳል። ከሁሉም ብርቱ እሱ ነው።

መደቅ እግረኛው ነው፤ ስምንት ናቸው። ወደፊት አንድ ቤት ይሄዳል፤ ወደኋላ አይመለስም። ሲበላ ግን በሰያፍ ፊት ለፊቱ ያለውን ነው የሚበላው። በአውሮፓ ቼዝ እግረኛው ሜዳውን አቋርጦ ከጠላት መጨረሻ መስመር ከደረሰ ይሾማል፣ ንግሥት ይሆናል። ሶልት ባየው ሰንጠረዥ ግን መደቁ ዳር ቢደርስም ምንም ማዕረግ አያገኝም። የዘመኑን ነገር ማየት ይቻላል!

አሰላለፉ እንደሚከተለው ነው። በፊታችሁ የመጨረሻው ረድፍ ላይ በሁለቱ ዳር ደር ይቁም። ከደሮቹ ቀጥሎ ፈረስ፣ ከፈረሶቹ ቀጥሎ ፊል። መሃል ሁለት ቤት ይቀራል፤ በቀኛችሁ በኩል ንጉሡን፣ በግራችሁ በኩል ፈርዙን አቁሙ። ያኛውም ተጫዋች እንዲሁ በራሱ ቀኝ ንጉሡን ያቆማል። ስለዚህ ንጉሥ ከንጉሥ ፊት ለፊት አይተያይም፤ እያንዳንዱ ንጉሥ የሚያየው የጠላቱን ፈርዝ ነው። ስምንቱ መደቆች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይሰለፋሉ።

ይህን አሰላለፍ ለማስታወስ የአገራችንን የጦር ማዕረግ አስቡ። ፊታውራሪ በፊት የሚመራ፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ የሚያዘምት፣ ግራ አዝማች በግራ የሚያዘምት፣ ደጃዝማች የንጉሡ ደጅ አዝማች ነው። ስሞቹ ራሳቸው ማን የት እንደሚቆም ይናገራሉ። በሰንጠረዡም መደቆቹ የፊታውራሪውን ሥራ ይሠራሉ፤ በቀኝና በግራ ክንፍ አለ፤ ንጉሡ መሃል ነው።

ሠራዊቱን ማበጀት

ባለጸጎቹ ጨርቁን ከቀይ ከፋይ ሠርተው መስመሩን በሰማያዊ ወይም በጥቁር ጨርቅ ያሰፉበት ነበር። ቤቶቹ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር አይደሉም፤ ሁሉም አንድ ቀለም ነው። እናንተ ያረጀ ጋቢ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ቀዳችሁ በከሰል ብታሰምሩ ይበቃል። መስመሩ በቁም 9፣ በአግድም 9 ይሁን፤ 9 መስመር መሃሉ 8 ቤት ይሰጣል። የአንዱ ቤት ስፋት አራት ጣት ቢሆን መልካም ነው።

ለመጀመሪያ ቀን መጫወቻ መቅረጽ አያስፈልግም። የአንዱ መደቅ ባቄላ፣ የሌላው መደቅ ሽምብራ ይሁን። ደሩ ጠጠር፣ ፈረሱ የበቆሎ ቆረቆንዳ ስባሪ፣ ንጉሡ የጠርሙስ ክዳን ቢሆን ማንም አይከሳችሁም። ጨዋታውን ከወደዳችሁት በኋላ ግን ሠራዊቱን በሸክላ ብታበጁት ደስ ይላል።

በዚህ ሥራ የጎንደር አካባቢ የታወቀ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ ትናንሽ ምስል ይሠሩ ነበር፤ ፈረሰኛው፣ ቄሱ፣ አንበሳው፣ ንጉሡ፣ ሁሉም በመዳፍ የሚያዝ። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤሎች እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል አገር ሄደዋል፤ ሙያው ግን በአካባቢው ሴቶች እጅ ቀጥሏል። ሸክላ ሠሪን ቡዳ ነው ብሎ የሚሸሽ ሰው ዛሬም አለ። ያው ሰው እንጀራውን የሚበላው በማን ምጣድ ነው?

አሠራሩን ከሸክላ ሠሪ እናት ጠይቃችሁ ብትማሩ ይሻላል። ባጭሩ እንዲህ ነው። አፈሩ ተወቅጦ ይነፋል፤ ከተፈጨ የገል ዱቄት ወይም ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ በውኃ ይታሻል። መጫወቻው ከአውራ ጣት ብዙ አይወፍር፤ ወፍራም ሸክላ ውስጡ ሳይደርቅ እሳት ከገባ ይፈነዳል። ጥላ ውስጥ ቀናት ይቆይ፤ ፀሐይ ቶሎ አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ በኩበትና በጭድ ይተኮሳል። አንዱን ሠራዊት በቀይነቱ ተዉት፤ ሌላውን በጢስ አጥቁሩት። ልጆችም ያግዙ፤ ፈረስ መቅረጽ ከእናንተ ይልቅ እነሱ ይችላሉ።

በሩቅ አገርም ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1824 የፕሩሲያ፣ የዛሬይቱ ጀርመን፣ የጦር መኮንኖች በካርታ ላይ ትናንሽ ሠራዊት እያንቀሳቀሱ ጦርነት መማር ጀመሩ። በ1983 ደግሞ እንግሊዝ አገር ዋርሃመር የሚባል ጨዋታ ወጣ፤ ሠራዊቱ ተረት ነው፤ ጭራቅ፣ ዘንዶ፣ ጠንቋይ ሁሉ ይዋጋበታል። ተጫዋቹ ምስሎቹን ገዝቶ በቀጭን ብሩሽ ራሱ ቀለም ይቀባል፤ አንዳንዱ አንድ ሠራዊት ለመጨረስ ወራት ይፈጅበታል። አንድ ብልሃታቸው ለእኛም ይጠቅማል። ለእያንዳንዱ ምስል ዋጋ አለው፤ ሁለቱ ተጫዋቾች የሠራዊታቸውን ዋጋ ደምረው እኩል ያደርጋሉ። እናንተም ዐዋቂ ከጀማሪ ጋር ሲጫወት ዐዋቂው አንድ ደሩን ያውርድና ይጫወት። መደመር መማራችን ለዚህም ነው።

ወረራ

የትም አገር የለም ያልነው ይህ ነው። በአውሮፓ ቼዝ አንዱ አንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ሌላው አንድ ጊዜ። በሰንጠረዥ ግን ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም የራሳቸውን ሠራዊት የፈለጉትን ያህል ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ወረራ ይባላል። ወረራው የሚቆመው አንዱ የሌላውን መጫወቻ ሲበላ ነው። ከመጀመሪያው መብላት በኋላ ግን ተራ በተራ ነው።

እኔ በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት የተማርኩት ቼዝ ነበር፤ የወረራን ደንብ ሳነብ ሁከት ነው ብዬ ነበር። ሲጫወቱት ግን ሁከት አይደለም። ወረራ የእርሻ ጊዜ ነው። ዝናብ ሳይመጣ መሬቱን አርሶ፣ አለስልሶ፣ ዘር አዘጋጅቶ የጠበቀና ሞፈር ፍለጋ የሚሯሯጥ እኩል አያጭዱም። አብዛኛው ጨዋታ የሚወሰነው ገና አንድ መደቅ ሳይሞት ነው።

ለጀማሪ አንድ ጥሩ ዝግጅት ልንገራችሁ። ሁለቱን የመሃል መደቆች፣ ከንጉሡና ከፈርዙ ፊት ያሉትን፣ ሁለት ሁለት ቤት አውጡ። ከእነሱ ግራና ቀኝ ያሉትን መደቆች አንድ አንድ ቤት አውጡ። አሁን ተመልከቱ፤ የፊተኞቹን የሚበላ ጠላት ቢመጣ የኋለኞቹ በሰያፍ ይበሉታል። የኋለኞቹንም ከነሱ ውጭ ያሉት መደቆች ይጠብቋቸዋል። አጥር ሆነ። ከዚያ ሁለቱን ፈረሶች ወደ መሃል፣ መደቆቹ ለቀውት ወደሄዱት ቤት አስገቡ። ሁለቱን ፊሎች በፈረሶቹ ላይ አዝልላችሁ ከመሃል መደቆች ኋላ አቁሙ። በዚህ ሁሉ 10 እርምጃ ሄዳችሁ። ከሜዳው ግማሽ አላለፋችሁም፤ በወረራ ጊዜ ማለፍም ደግ አይደለም፤ ብቻውን የወጣ ቶሎ ይበላል።

ተቃዋሚያችሁም ዝም ብሎ አይጠብቅም። እጃችሁ ሲሠራ ዓይናችሁ እሱ ላይ ይሁን። ፊሉን ወደ ቀኝ ሲያመጣ አይታችሁ መደቃችሁን ማዞር ትችላላችሁ። ከመብላታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የምበላውን የሚጠብቅ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ አሰላለፌን ጨርሻለሁ ወይ? ከበላችሁ በኋላ የማሰለፊያው ነጻነት የለም፤ የጎደለው እንደጎደለ ይቀራል። ያልተዘጋጀ ጠላት ካያችሁ ግን ቶሎ ብሉ፤ ምሕረት ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

አሸናፊነትም ደረጃ አለው። የጠላትን ንጉሥ በደር ወይም በፈረስ መያዝ ይቻላል፤ ግን አያስመሰግንም፤ ብርቱ ያዘው፣ ምን ይደንቃል ይባላል። በፈርዝ ወይም በፊል የያዘ ይመሰገናል። በመደቅ የያዘ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይመሰገን ነበር። እንግዲህ ጌቶቹ ራሳቸው፣ ለመደቁ ማዕረግ ያልሰጡት፣ ንጉሥን ሲይዝ ግን ያጨበጭቡለት ነበር። ደግሞ አንድ ደንብ አለ፤ ሠራዊቱ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። ጨዋታው ያለ አሸናፊ ያበቃል። ስለዚህ ብዙ መግደል ያበላሻል፤ ጠላትን ጨርሶ ማራቆት ድልን ማጣት ነው። ከንጉሡ ጋር አንድ አለቃ ብቻ ሲቀር ደግሞ የእርምጃው ቁጥር ይገደባል፤ ቁጥሩን ጨዋታ ሳይጀመር ተስማሙበት፣ ኋላ ጠብ ይሆናል።

አንዳንድ እናቶች ለልጆቻችን የጦርነት ጨዋታ አታምጡብን ይሉ ይሆናል። እውነታቸውን ነው። ጦርነት ምን እንደሆነ ለዳባትና ለደባርቅ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ ሰላማዊ ሰው አልቆበታል። በሰንጠረዥ የሞተ መደቅ ግን ማታ ከረጢት ይገባል፣ ነገ ይነሣል። ልዩነቱን ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ከዚያ አጫውቷቸው።

ጥያቄዎች

1. ፊል ከ64ቱ ቤት ስንቱን ብቻ ይረግጣል? በጠጠር አሳዩ።
2. ወረራ የሚያበቃው መቼ ነው?
3. ንጉሥን በመደቅ መያዝ ለምን የበለጠ ያስመሰግን የነበረ ይመስላችኋል? ከጎረቤታችሁ ጋር ተወያዩ።
4. በመንደራችሁ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያየ ወይም የሰማ ሽማግሌ ካለ ጠይቁ። የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ቀኑንና የነገራችሁን ሰው ስም አትርሱ።
5. የመንደራችሁን የገበጣ ደንብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፉ። ሌላ ሰው ጽሑፋችሁን ብቻ አንብቦ መጫወት መቻሉን ሞክሩ፤ ካቃተው ያልተጻፈውን ጨምሩ።